አይ ትሪፕል ኢ 802

አይ ትሪፕል ኢ 802 ኮምፒውተሮች በገመድም ሆነ ያለ ገመድ የሚገናኙባቸውን ኔትወርኮች ቴክኒካዊ ደረጃ የሚያወጣ ኮሚቴ ነው። የሚሠራው አይ ትሪፕል ኢ በሚባለው፣ ዋና መቀመጫው አሜሪካ በሆነው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር ሥር ሲሆን የመጀመሪያ ስብሰባው የተካሄደው በፌብሩዋሪ 1980 ነበር። ከሥራ ቡድኖቹ መካከል በሰፊው የሚታወቁት የኢተርኔትን ደረጃ የሚያወጣው 802.3 እና የዋይፋይን ደረጃ የሚያወጣው 802.11 ናቸው። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው የኔትወርክ ገመድም፣ ካፌ ውስጥ የይለፍ ቃሉ የሚጠየቀው ዋይፋይም የሚሠሩት በእነዚህ ሁለት ቡድኖች ሰነዶች መሠረት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱም ቡድኖች በቅርብ ዓመታት ትልልቅ ሥራዎችን ጨርሰዋል። የ800 ጊጋቢት ኢተርኔት ደረጃ በፌብሩዋሪ 2024 ጸደቀ። ዋይፋይ 7 በሚል የገበያ ስም የሚታወቀው 802.11 ቢኢ ደግሞ በሴፕቴምበር 2024 ጸድቆ በጁላይ 2025 ታተመ። ስለእነዚህ ደረጃዎች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ፍጥነታቸው ነው። ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያከራክሩት ግን ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው፦ ደረጃው መቼ ይወጣል? ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው? ደረጃው የሚሠራበትን የሬዲዮ ሞገድስ የሚፈቅደው ማን ነው?

የአሠራር ሥርዓት

ኮሚቴው በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በማርች፣ በጁላይ እና በኖቬምበር፣ ጠቅላላ ስብሰባ ያደርጋል። በመሃል የሥራ ቡድኖቹ የየራሳቸውን ስብሰባ ይጠራሉ። በደንቡ መሠረት ተሳታፊው የሚቀመጠው በግሉ እንጂ የመንግሥት ወይም የኩባንያ እንደራሴ ሆኖ አይደለም። የድምፅ መብትም የሚገኘው በተከታታይ ስብሰባዎች በመገኘት ነው፤ መቅረት ያበዛ መብቱን ያጣል። ቴክኒካዊ ውሳኔ እንዲያልፍ 75 በመቶ ድጋፍ ያስፈልገዋል።

ይህ በወረቀት ላይ ለማንም ክፍት የሆነ ሥርዓት ነው። በተግባር ግን በየጥቂት ወሩ ከአህጉር አህጉር መብረር፣ ቪዛ ማግኘት፣ የሆቴልና የመመዝገቢያ ክፍያ መሸፈን ያስፈልጋል። ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ በርቀት የመሳተፍ ዕድል ቢሰፋም ክፍያው አልቀረም። ስለዚህ አዳራሹን የሚሞሉት በአብዛኛው የቺፕ፣ የስልክና የኔትወርክ ዕቃ አምራቾች ደመወዝ የሚከፍሏቸው መሐንዲሶች ናቸው። በግል ስም መቀመጣቸው የሚከፍላቸውን አሠሪ አያስረሳቸውም።

የ75 በመቶው ደንብ አንድ ወገን ብቻውን እንዳይወስን ይከላከላል፤ ነገር ግን ሁለት እኩል ኃይል ያላቸው ወገኖች ሲገጥሙ ሥራውን ማሰርም ይችላል። በአጭር ርቀት በጣም ፈጣን የሬዲዮ ግንኙነት ለመደንገግ የተቋቋመው የ802.15.3ኤ ቡድን ለዓመታት በሁለት ጎራ ተከፍሎ አንዱም 75 በመቶ ሳያገኝ ቀረ፤ በጃንዩዌሪ 2006 ቡድኑ ያለ ውጤት ተበተነ።

ፖለቲካም ከበሩ ውጭ አይቀርም። የአሜሪካ መንግሥት በሜይ 2019 ሁዋዌን በንግድ ገደብ ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባ፣ ማኅበሩ የኩባንያው ሠራተኞች ለሕትመት የሚቀርቡ ጽሑፎችን እንዳይገመግሙ ከለከለ። ደረጃ በማውጣቱ ሥራ መሳተፋቸው ባይነካም ውሳኔው ከቻይና በኩል ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ፤ ማኅበሩም በጁን መጀመሪያ ላይ ክልከላውን አነሣ። ጉዳዩ በጥቂት ቀናት ቢያልቅም የዓለም የሚባለው ተቋም ለአንድ አገር ሕግ ተገዢ መሆኑን አሳይቷል።

በገመድ፦ ኢተርኔት

ኢተርኔት የተወለደው በ1973 በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል፣ በሮበርት ሜትካፍ እና በዴቪድ ቦግስ እጅ ነው። የመጀመሪያው ፍጥነቱ በሰከንድ 2.94 ሜጋቢት ነበር። ኮሚቴው ሥራ ሲጀምር ኢተርኔትን ብቻ አልተቀበለም፤ መስማማት ስላልተቻለ ኢተርኔት 802.3፣ ቶከን ባስ 802.4፣ በአይ ቢ ኤም የተደገፈው ቶከን ሪንግ ደግሞ 802.5 ሆነው ሦስቱም ደረጃ ተሰጣቸው። አሸናፊውን የለየው ገበያው ነው። ርካሹና ቀላሉ ኢተርኔት ሁለቱን ተቀናቃኞቹን ከጨዋታ አስወጣ።

በ1983 የጸደቀው የመጀመሪያው የ802.3 ደረጃ 10 ሜጋቢት በሰከንድ ነበር፤ የ2024ቱ 800 ጊጋቢት የዚያ 80,000 እጥፍ ነው። በመሠራት ላይ ያለው 802.3 ዲጄ ደግሞ ወደ 1.6 ቴራቢት ያደርሰዋል። ይህን ሁሉ የሚገፋው የቤትና የቢሮ ተጠቃሚ ሳይሆን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች የሚሠለጥኑባቸው ግዙፍ የዳታ ማዕከላት ፍላጎት ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ቺፖች አንድን ስሌት ተካፍለው ሲሠሩ፣ የአንዱ መልእክት መዘግየት ሁሉንም ያስጠብቃል።

ትልልቆቹ ገዢዎችና አምራቾች ኮሚቴውን ብቻ መጠበቅ አልፈለጉም። ኤ ኤም ዲ፣ ብሮድኮም፣ ሲስኮ፣ ኢንቴል፣ ሜታ እና ማይክሮሶፍት ያሉበት ስብስብ በጁላይ 2023 አልትራ ኢተርኔት ኮንሶርቲየም የተባለ ማኅበር አቋቁሞ፣ የመጀመሪያ ሰነዱን በጁን 2025 አወጣ። ዓላማው በዚህ መስክ ስመ ጥር የሆነውን ኢንፊኒባንድን በኢተርኔት መተካት ነው። ማኅበሩ 802.3ን አልካደም፤ ከሥር ያለው ገመድና ሲግናል ያው የኮሚቴው ነው። ሆኖም መልእክት የሚጓጓዝበትና መጨናነቅ የሚቃለልበት ስልት የተወሰነው አባል ለመሆን በሚከፍሉ ኩባንያዎች መካከል ነው።

ለአብዛኛው የዓለም ሕንፃ ግን ከ800 ጊጋቢት ይልቅ ሁለት ብዙ ያልተወራላቸው ደረጃዎች ይጠቅማሉ። በ2016 የወጣው 802.3 ቢዚ በግድግዳ ውስጥ ቀድሞ በተዘረጋ ተራ የኔትወርክ ገመድ 2.5 እና 5 ጊጋቢት ለማስተላለፍ ያስችላል፤ ግድግዳ መስበር አያስፈልግም። በ2018 የጸደቀው 802.3 ቢቲ ደግሞ በዚያው ገመድ እስከ 90 ዋት ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ካሜራ ወይም የዋይፋይ ማሰራጫ ጣሪያ ላይ ለመስቀል ሶኬት ማውጣት ቀርቷል።

ያለ ገመድ፦ ዋይፋይ

የመጀመሪያው 802.11 በ1997 ሲወጣ ፍጥነቱ 1 ወይም 2 ሜጋቢት በሰከንድ ብቻ ነበር። ዋይፋይ የሚለውን ስም ያወጣውና ዕቃዎች እርስ በርስ መግባባታቸውን መርምሮ ምልክት የሚሰጠው ኮሚቴው ሳይሆን በ1999 የተመሠረተው፣ ዛሬ ዋይፋይ አላያንስ የሚባለው የአምራቾች ማኅበር ነው። ይህ የሥራ ክፍፍል ብዙ ነገር ያስረዳል፤ ሰነዱን የሚጽፈው አንዱ፣ ዕቃው መቼ ምልክት ለጥፎ እንደሚሸጥ የሚወስነው ሌላው ነው።

802.11 ኤን ከ2003 እስከ 2009 ፈጅቷል። አምራቾች ረቂቁን ይዘው ዕቃ መሸጥ ጀመሩ፤ የአንዱ ራውተር ከሌላው ላፕቶፕ ጋር እንደ ተባለለት የማይሠራበት ጊዜ ነበር። ማኅበሩ በ2007 ረቂቁን መሠረት አድርጎ ምልክት መስጠት ሲጀምር ችግሩ ቀለለ፤ ያን ጊዜ እንደ ልዩ መፍትሔ የታየው አሁን ልማድ ሆኗል። የዋይፋይ 7 ምልክት መሰጠት የተጀመረው በጃንዩዌሪ 2024፣ ደረጃው ከመጽደቁ ስምንት ወር፣ ከመታተሙ ደግሞ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ ነው። ረቂቁ በዚያ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ብዙ ስለማይለወጥ ገዢው እምብዛም አልተጎዳም። ነገር ግን ዕቃው ሱቅ ከገባ በኋላ በስብሰባው ላይ «ይህ አንቀጽ ይለወጥ» ብሎ የሚነሣ ሰው የሚያገኘው ድጋፍ ትንሽ ነው።

ችኮላ የሚያስከፍለውን ዋጋ ዋይፋይ ራሱ ያውቃል። በ1997ቱ ደረጃ ውስጥ የነበረው ዌፕ የተባለው የምስጠራ ዘዴ፣ ቁልፉ በጊዜው የአሜሪካ የወጪ ንግድ ገደብ ምክንያት 40 ቢት ብቻ ሆኖ ተሠራ። በ2001 ተመራማሪዎች በቀላሉ ሊሰበር እንደሚችል አሳዩ። ምትኩ 802.11 አይ የወጣው በ2004 ነው። በዚያ ክፍተት ቻይና የራሷን ዋፒ የተባለ ዘዴ በገበያዋ ግዴታ ለማድረግ ሞክራ፣ በአሜሪካ ግፊት በ2004 አዘገየችው።

ዋይፋይ 7 ቢያንስ 30 ጊጋቢት በሰከንድ የማስተላለፍ ግብ ይዞ የተነሣ ሲሆን፣ ትልቁ መሣሪያው 320 ሜጋኸርትዝ ስፋት ያለው የሞገድ መስመር ነው። እንዲህ ያለ ሰፊ መስመር የሚገኘው በ6 ጊጋኸርትዝ ክልል ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሥልጣኑ የኮሚቴው አይደለም። አሜሪካ በ2020 በዚህ ክልል 1,200 ሜጋኸርትዝ ያለ ፈቃድ እንዲሠራበት ስትከፍት፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2021 የከፈተው 480 ሜጋኸርትዝ ነው። በመጀመሪያው ሦስት የማይደራረቡ ባለ 320 መስመሮች ይገባሉ፤ በሁለተኛው አንድ ብቻ። ሦስት ጎረቤቶች ያንኑ ራውተር ገዝተው በአንድ ሕንፃ ቢኖሩ፣ አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መስመር ሲኖራቸው አውሮፓ ውስጥ አንዱን ይካፈላሉ። የሳጥኑ ጽሑፍ ግን ሁለቱም ጋ አንድ ነው።

በ2023 በዱባይ የተካሄደው የዓለም የሬዲዮ ኮንፈረንስ ይህን ልዩነት አጠናክሮታል። ጉባኤው አውሮፓን፣ አፍሪካንና መካከለኛውን ምሥራቅ በሚያቅፈው ክልል 1 የ6 ጊጋኸርትዝ ላይኛው ክፍል ለሞባይል አገልግሎት እንዲውል ለየ፤ ዋይፋይም ሊጠቀምበት እንደሚችል ቢጠቅስም። የመጨረሻው ውሳኔ የየአገሩ ተቆጣጣሪ ነው። ኢትዮጵያ በክልል 1 ውስጥ ስለሆነች ጥያቄው በ2019 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በቀጥታ ይመለከታል፤ ሞገዱ ለሞባይል ከተመደበ የሚጠቀምበት ፈቃድ ያለው ኦፕሬተር፣ ለዋይፋይ ከተከፈተ ራውተር የገዛ ሁሉ ነው።

ቀጣዩ 802.11 ቢኤን ወይም ዋይፋይ 8 የፍጥነቱን ጣሪያ ከፍ ለማድረግ አልተነሣም። ግቡ በተጨናነቀና ሲግናሉ በደከመበት ቦታ የሚገኘውን ፍጥነት በ25 በመቶ ማሳደግ፣ መዘግየትንና የመልእክት መጥፋትን ደግሞ በዚያው መጠን መቀነስ ነው። የሚጠናቀቀው በ2028 ይሆናል ተብሎ ታቅዷል። ከላይ ከተጠቀሱት ሁሉ ለተራ ተጠቃሚ የሚሰማው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የግዕዝ ፊደልና የዋይፋይ ስም

በስብሰባው ያልነበረ ወገን ምን እንደሚደርሰው የሚያሳይ ትንሽ ምሳሌ የዋይፋዩ ስም ነው። ደረጃው ከ1997 ጀምሮ ለኔትወርክ ስም 32 ባይት ብቻ ይፈቅዳል። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ፣ ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከ10 የአማርኛ ፊደል በላይ አይገባም። «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» በአማርኛ 38 ባይት ስለሆነ አይበቃውም፤ በእንግሊዝኛ ግን 22 ብቻ ነው። ይህ በክፋት የተደረገ አይደለም። ደረጃው ሲጻፍ የግዕዝ ፊደል ገና በዩኒኮድ ውስጥ አልነበረም፤ የገባው በ1999 ነው። ገደቡ ግን በየዕቃው ውስጥ ስለተቀረጸ በየዘመኑ ሲወረስ ቆይቷል። ዛሬም በሰፊው በሚሠራበት ደብሊው ፒ ኤ 2 የይለፍ ቃል ከ8 እስከ 63 የሚደርሱ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች መሆን አለበት፤ በአማርኛ አይጻፍም።

የ802 ደረጃዎች ከታተሙ ከስድስት ወር በኋላ ማንም ሰው ያለ ክፍያ አውርዶ ሊያነባቸው ይችላል። የመምህራንና የተማሪዎች ትልቁ ዕድል ይህ ሲሆን፣ እነዚህን ገደቦች ከምንጩ ለማየትም ሌላ መንገድ አያስፈልግም። የዋይፋይ 8 ረቂቅ ግን አሁንም በድምፅ አሰጣጥ ላይ ነው፤ በእሱ ላይ አስተያየት ይዞ ድምፅ ለመስጠት አስቀድሞ በስብሰባ መገኘት ያስፈልጋል።