አፈሩ ያወቃቸው፣ የምርጫ ሳጥኑ ያላወቃቸው

ፈረንሳይ ገጠር ገብቶ ቤት የገዛ ብሪታኒያዊ መንደርተኛ የሚሆነው መቼ ነው? የቤቱን ውል ሲፈርም? የመኖሪያ ፈቃድ ሲያገኝ? በዶርዶኝና በሊሙዛን መንደሮች መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በጸደይ ወቅት፣ ጓሮ ውስጥ ነው።

ድንች በማርችና በኤፕሪል ይተከላል። የቲማቲም ችግኝ ግን ፀሐዩ ቢያታልልም እስከ ሜይ አጋማሽ ውጭ አያድርም። ሜይ 11፣ 12 እና 13 ፈረንሳዮች «የበረዶ ቅዱሳን» የሚሏቸው የማሜር፣ የፓንክራስና የሰርቬ ቀናት ናቸው። እነሱ ሳያልፉ የሚመጣ ውርጭ የሳምንታት ልፋትን በአንድ ሌሊት ያጠቁራል። አዲስ ገቢው ይህን የሚማረው ከአጥር ማዶ ካለው ጎረቤት ነው። ምክሩን ዘር ይከተለዋል፤ ጁላይ ላይ ደግሞ የተትረፈረፈው ዝኩኒ በቅርጫት ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ጉርብትና እንዲህ ይበቅላል።

ቤት በገንዘብ ይገዛል፤ ጓሮ ግን መቀመጥን ይጠይቃል። ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ፣ ከ2021 ጀምሮ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የረጅም ጊዜ ቪዛ የሌለው ብሪታኒያዊ በ180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም። ኤፕሪል መግቢያ ላይ የመጣ ሰው ቲማቲሙ ሳይቀላ ሻንጣውን ያነሣል። ይህ ያስቆጫል፤ ግፍ ግን አይደለም። የዕረፍት ቤት ያለው ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ መሄጃ ቀን አለው።

ግፉ ያለው ጠቅልለው በገቡት ላይ ነው። እነዚህ በሕጋዊ ፈቃድ ይኖራሉ፣ የንብረት ግብር ይከፍላሉ። እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ድረስ እንደ ማንኛውም የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ በአካባቢ ምርጫ ይመርጡ፣ ለምክር ቤት አባልነትም ይመረጡ ነበር። ብሪታኒያ ስትወጣ መብቱም አብሮ ወጣ። ማርች 15 ቀን 2020 የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ሲካሄድ፣ በየምክር ቤቱ ሲያገለግሉ የነበሩ ከ700 የሚበልጡ ብሪታኒያውያን ዳግም መወዳደር አልቻሉም።

የተጎዱት እነሱ ብቻ አይደሉም። በፈረንሳይ ኮሙን የሚባሉት የአስተዳደር እርከኖች ወደ 35 ሺህ ይጠጋሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ500 ያነሰ ነዋሪ ነው ያላቸው። በእንዲህ ያለ መንደር ለምክር ቤት የሚሆን ፈቃደኛ ሰው ማግኘት ራሱ ጭንቅ ነው። ምክር ቤቱ የሚመክረውም ስለ ጦር ኃይል አይደለም፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ፣ ስለ መንገዱ ጉድጓድ፣ ስለ መቃብር ስፍራው ነው።

«ታዲያ ለምን ዜግነት አይወስዱም?» የሚል አይጠፋም። የወሰዱ አሉ። ነገር ግን ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ለዜግነት የሚጠየቀው የፈረንሳይኛ ደረጃ ከቢ1 ወደ ቢ2 ከፍ ብሏል። ከጎረቤቱ ጋር ስለ ባቄላ ሲያወጋ የሚውል የሰባ ዓመት አዛውንት ያን ፈተና ላያልፍ ይችላል። ደግሞስ፣ በቅርቡ የመጣው ጀርመናዊ ዜግነት ሳይጠየቅ በመንደሩ ጉዳይ ድምፅ ሲሰጥ፣ 25 ዓመት የኖረው ብሪታኒያዊ ለምን ይከለከላል?

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ አለ። በፈረንሳይ እርሻዎች ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሞሮኳውያን ይህን መብት ከመጀመሪያውም አላገኙትም። ፍራንሷ ሚተራን በ1981 ምርጫ ሲወዳደሩ አምስት ዓመት ለኖሩ የውጭ ዜጎች በማዘጋጃ ቤት ምርጫ የመምረጥ መብት እንደሚሰጡ ቃል ገብተው ነበር። ሴኔቱ በ2011 ተመሳሳይ ሐሳብ ቢያጸድቅም ሕግ ሳይሆን ቀረ። አንዱ «ኤክስፓት»፣ ሌላው «ስደተኛ» ይባላል፤ ከምርጫ ሳጥኑ ፊት ግን ሁለቱም ውጭ ቆመዋል።

መፍትሔው ለብሪታኒያውያን ብቻ የተለየ በር መክፈት አይደለም። የሚተራንን የአምስት ዓመት ቃል ከመሳቢያ አውጥቶ ለሁሉም መፈጸም ነው። አገር መምራት ለዜጋ ይቅር። ለመንደሩ ትምህርት ቤት ጣሪያ ድምፅ መስጠት ግን ክረምት ከበጋ እዚያው ለሚኖር ሰው ይገባዋል፤ ፓስፖርቱ የትም ይታተም።