ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይለኩ ሞተሪኖ

«ሞተሪኖው ሞቷል፤ ይቀየር!»

አዲስ አበባ ውስጥ መኪናው አልነሳ ያለው ሰው ይህችን ፍርድ ሳይሰማ አይቀርም። ኮፈን ይከፈታል፣ ቁልፍ አንድ ጊዜ ይዞራል፣ ፍርድ ይሰጣል። ማስረጃ? የለም። ባለመኪናው ብሩን ቆጥሮ ወደ ሶማሌ ተራ ይወርዳል። እኛ ግን ይግባኝ እንላለን!

ሞተሪኖው ጀርባ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ነገር አለች፤ ሶሌኖይድ ትባላለች። ቁልፍ ሲዞር ማግኔት ሆና የሞተሪኖውን ጥርስ ገፍታ ከሞተሩ ጥርስ ጋር ታገናኛለች፤ በዚያው ቅጽበት በውስጧ ያሉትን መዳቦች ገጥማ የባትሪውን ከባድ ኤሌክትሪክ ለሞተሪኖው ትለቃለች። መዳቦቹ ከዓመታት ብልጭታ በኋላ ይቃጠላሉ፣ ይበላሉ። ያኔ ሶሌኖይዷ «ቀጭ» ትላለች፤ ሞተሩ ግን አይዞርም።

ድምፁ ብቻውን ብዙ ይናገራል። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ መብራቱ ከደበዘዘ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪውና የገመዱ ማሰሪያ ነው። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ የቁልፉ ስዊች ተራ በተራ ይፈተሹ። አንድ ጠንካራ «ቀጭ» ብቻ ተሰምቶ መብራቱ ካልደበዘዘ ግን ጥርጣሬው ወደ ሶሌኖይዷ ይዞራል።

ጥርጣሬ ፍርድ አይደለም። ለዚህ ነው ቴስተር የተሠራው። በደንብ የተሞላ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ማርሹ ነፃ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ አንድ ሰው ቁልፉን ያዙር። የሶሌኖይዷ ቀጭን ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ካልደረሰ ጥፋቱ ከእሷ በፊት ነው። ደርሶ «ቀጭ» ካለች ቴስተሩ በሁለቱ ወፋፍራም ብሎኖቿ መካከል ይቀመጥ። ጤነኛ ሶሌኖይድ ከግማሽ ቮልት በታች ታሳያለች። 12 ቮልት ገደማ ካሳየች መዳቦቹ አልተገናኙም፤ ጥፋቱ የእሷ ነው። ኤሌክትሪኩ አልፎ ሞተሪኖው ድረስ ሄዶ ካልዞረ፣ አዎ፣ ያኔ ሞተሪኖው ይወቀስ።

ሁለቱን ብሎኖች በካቻቢቴ አገናኝቶ ብልጭታ መርጨትስ? እሱ ምርመራ አይደለም። ማርሽ ውስጥ የቀረ መኪና ዘሎ ሰው ላይ ሊወጣ ይችላል።

ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ የተበሉት መዳቦች ለብቻቸው ይቀየራሉ። ታዲያ ሙሉ ሞተሪኖ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይሆንም?

ለምን አይለካም ካላችሁ፣ ለመለካት የሚከፍል ስለሌለ ነው። መካኒኩ የሚበላው ሲቀይር ነው። ባለመኪናውም ከደሙ ንፁህ አይደለም፤ «ምንም ሳትፈታ ምን ብዬ ልክፈልህ?» ይላል፤ ሺዎቹን ግን ለማያስፈልገው ዕቃ ሳያቅማማ ያወጣል። እውቀት በነፃ፣ ብረት በውድ! እንዲህ ባለ ገበያ ግምት ቢነግሥ ምን ይገርማል?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እንግዲህ መንገድ ላይ ያሉት ቪትዝና ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ፤ ይበልጥ ያረጃሉ፣ ይበልጥ ይበላሻሉ። ለአሮጌ መኪና ገማች መካኒክ መርዶ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን አጭር ነው። «ይቀየር» ለሚል ሁሉ፣ ኪስ ከመከፈቱ በፊት አንድ ነገር ይጠየቅ፦ ስንት ቮልት አሳየ? መልስ ያለው የልፋቱን ይከፈለው። መልስ የሌለው ኮፈኑን ይዝጋ!