በገንዘብ መኪናው ፊት ስለሚደረግ ጥንቃቄ

በዚህ ወር ስለ ልጆች የክረምት ትምህርት ልጽፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን በነቀምቴ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤታችን የደረሰባቸው ነገር ሐሳቤን አስለወጠኝ።

እኒህ እናት፥ በአዲስ አበባ የሚሠራ ልጃቸው ለሕክምና የላከላቸውን 18,000 ብር ጥቂት በጥቂት ሊያወጡ፥ ኤቲኤም ወደምንለው የገንዘብ መኪና ሄዱ። ቀኑ ደመወዝ የሚከፈልበት ስለ ነበረ ሰልፉ ረጅም ነው። ተራቸው ሲደርስ ዓይናቸው ደክሞ በመስተዋቱ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ማንበብ አቃታቸው። ከኋላቸው የቆመ፥ ንጹሕ የለበሰ ወጣት «ሃርሜ፥ ላግዝዎት?» አላቸው። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እናቴ ብሎ የጠራቸውን ልጅ እንዴት ይጠርጥሩት? ካርዱን ሰጡት፤ የምሥጢር ቁጥሩንም ነገሩት። እርሱም ጥቂት ነካክቶ «ኔትወርክ የለም፥ ነገ ይመለሱ» አለና ካርድ መለሰላቸው። መርቀውት ሄዱ።

የመለሰላቸው ካርድ ግን የእርሳቸው አልነበረም። መልኩና የባንኩ ምልክት አንድ ስለ ሆነ አልለዩትም። በሦስት ቀን ውስጥ ገንዘቡ ሁሉ ወጣ። ይልቁንም የሚያሳዝነው፥ ገንዘብ በወጣ ቁጥር በስልካቸው መልእክት ደርሷቸው ነበር፤ እርሳቸው የቴሌ ማስታወቂያ መስሏቸው አልከፈቱትም። የልጅ ልጃቸው እሑድ ዕለት ስልኩን ለጨዋታ ሲያነሣ አነበበው።

ተንኰሉ የሠመረው «ኔትወርክ የለም» የሚለው ቃል በወለጋ ብዙ ጊዜ እውነት ስለ ሆነ ነው። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ፥ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ ያሳለፈ ሰው ይህን ሲነገረው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ወሬውን ከመስተዋቱ እንጂ ከሰው አፍ አትቀበሉ። በካርዳችሁም ላይ፥ ቺፑንና ጥቁሩን መስመር ሳትነኩ፥ በጥፍር ቀለም አንዲት ነጥብ አድርጉበት፤ ቢለወጥ ወዲያው ታውቁታላችሁ። ርዳታ ካስፈለገ ባንክ ቤቱ ክፍት በሆነበት ሰዓት ሄዶ ሠራተኛውን መጠየቅ ነው፤ እርሱም ቢሆን የምሥጢር ቁጥራችሁን ሊጠይቃችሁ አይገባውም።

ይህ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመው በለንደን በኤንፊልድ፥ ሰኔ 20 ቀን 1959 ዓ.ም. እንደ ሆነ ይነገራል። ሥራውን የመራው ጆን ሼፐርድ ባሮን ቁጥሩን ስድስት አኃዝ ሊያደርገው አስቦ ሳለ፥ ሚስቱ ከአራት በላይ አላስታውስም ስላለችው አራት እንዳደረገው ተርኳል። እንዲህ ለማስታወስ የቀለለውን ቁጥር እኛ በወረቀት ጽፈን ከካርዱ ጋራ በመቀነት እንቋጥረዋለን። አራት አኃዝ 10,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የትውልድ ዓመታችንን ካደረግነው ግን የሚያውቀን ሰው በመጀመሪያው ሙከራ ያገኘዋል። ቁጥሩን ስትነኩ በሌላው እጃችሁ ወይም በነጠላችሁ ጫፍ ሸፍኑት።

ካርድ ማዋስም አለ። እውነቱን ለመናገር፥ እኔም ዝናብ ሲጥል የእኅቴን ልጅ ካርድና ቁጥር ሰጥቼ የላክሁ ነኝ። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አሠራር ተበላሽቶ ብዙ ሰው፥ ይልቁንም ተማሪዎች፥ ከሒሳባቸው በላይ አወጡ፤ ባንኩ የወጣው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደ ሆነ አስታወቀ፤ ያልመለሱትንም ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ለሕዝብ አወጣ። መኪናው የሚመዘግበው ካርዱን ነው፤ ካርዱን የያዘው እጅ የማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። በዚያ ሌሊት ካርዱን ለጓደኛው አውሶ የተኛ ተማሪ ቢኖር፥ ሲነጋ የሚፈለገው እርሱ ነው።

ካርድ ሲጠፋ ወይም መኪናው ውጦ ሲያስቀረው ሳይውሉ ሳያድሩ ማሳገድ ይገባል፤ ንግድ ባንክ በ951 ስልክ ይቀበላል። የሌላው ባንክ ደንበኛ የባንኩን ቁጥር ዛሬውኑ በስልኩ ይመዝግብ።

ጎረቤታችን ሰኞ ጧት ወደ ባንክ ቤት ሄደው ካርዳቸውን አሳገዱ፤ ለፖሊስም አመለከቱ። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። በእጃቸው የቀረው ካርድ ሲመረመር፥ ከሦስት ሳምንት በፊት በጊምቢ በዚሁ ዓይነት የተወሰደባት የሌላ ሴት ካርድ ሆኖ ተገኘ።