መሣሪያውን አክብረን ሠሪውን ለምን እንንቃለን?

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ኮንሶ ውስጥ፣ ከሁለት ወገን ተጠርቦ ጫፉ የሾለ፣ በመዳፍ የሚያዝ የድንጋይ መሣሪያ ከጥንት ደለል ሥር ተገኝቷል። ዮናስ በየነ፣ ብርሃኔ አስፋውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜው 1.75 ሚሊዮን ዓመት ግድም እንደሚደርስ አሳይተዋል። በዓለም ላይ ከሚታወቁት የእጅ መጥረቢያዎች መካከል ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። በዚያው በኮንሶ በዘመናችንም ድንጋይ ፈልጠው ስለት የሚያወጡ፣ በዚያም ስለት ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች አሉ። የጥንቱ መሣሪያ የአገር ኩራት ሆኗል። ሴቶቹ ግን ከገበሬው ተለይተው፣ ከእርሱ ጋር እንዳይጋቡ በልማድ ተከልክለው የኖሩት የባለእጆች ወገን ናቸው። እኔ የምለው፣ የሰው ዘር መገኛ ነን የሚለው ኩራታችን እውነተኛ የሚሆነው ባለእጅን መናቅ ስንተው ነው። የምንኮራበት ሳይንስ ለዚህ ንቀት የሚሆን መሠረት አላገኘም፤ እንዲያውም የነበረውን አፍርሶታል።

ንቀቱ የኮንሶ ብቻ አይደለም። በሰሜኑ ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ቆዳ አልፊው ፋቂ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል፤ ሸማኔውም አልተረፈም። የሸክላ ሠሪዋ ዓይን ሰው ይበላል፣ ቀጥቃጩ ሌሊት ጅብ ሆኖ ያድራል ተባለ። ሕፃን ሲታመም ቡዳ በላው ተብሎ ጣት የሚቀሰረው ወደ እነርሱ ነበር። በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ይህን ክስ የተሸከሙት በእምነታቸው ብቻ ሳይሆን በቀጥቃጭነታቸውና በሸክላ ሠሪነታቸው ጭምር ነው። ጋሞ ውስጥ ደግሞ ሸክላ ሠሪው ማና፣ ቆዳ ሠሪው ደጋላ ተብሎ ማላ ከሚባለው የገበሬ ወገን ተለይቷል። ቋንቋውና ሃይማኖቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም አወቃቀሩ በሚያስደነግጥ ሁኔታ አንድ ነው፤ ባለእጅ ርስት አልነበረውም፣ ከሌላው ጋር አይጋባም፣ አንዳንድ ቦታ በአንድ ማዕድ አይቀርብም፣ ዘሩም ሌላ ነው ይባላል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ለማውጣት መገደዳቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ይነግረናል። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ የስድቡን ምንጭ አልነካም። ምንጩ በእኔ እምነት ከምንም በላይ መሬት ነው። ርስት የተነፈገ ሰው በእጁ ሙያ ያድራል፤ በእጁ ሙያ የሚያድረው ደግሞ ርስት የሌለው በመሆኑ ይናቃል። ትውልድ ሲያልፍ መነሻው ይረሳና «ድሮም ዘራቸው ነው» የሚለው ብቻ ይቀራል። የ1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ መሬቱን ለሚያርስ ሁሉ ሲፈቅድ ይህን ሰንሰለት በሕግ በጠሰው። የዘሩ ወሬ ግን ከዐዋጁም በኋላ ቆየ።

ከሥራው እንነሣ፤ ባለእጅን ዝቅ አድርጎ ማየት «የእጅ ሥራ ብዙ አእምሮ አይጠይቅም» የሚል ግምት በውስጡ ይዟልና። አፋር ውስጥ ጎና በሚባለው ስፍራ ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ ያገኟቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ለዓለም ያስተዋወቋቸው የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ኬንያ ውስጥ ሎሜክዊ ላይ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የተሰጠው ግኝት ስለተገለጸ ቀዳሚነቱ አከራካሪ ሆኗል፤ ይህ ግን ለያዝነው ነገር ለውጥ አያመጣም። የጎና መሣሪያዎች ላልለመደ ዓይን ተራ ስባሪ ይመስላሉ። ሆኖም ድንጋይ በዘፈቀደ ስለተመታ ስለት አይወጣውም። ፈላጩ በአንድ እጁ የሚፈለጠውን፣ በሌላው መምቻውን ይይዛል። ከጠርዙ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ ያነሰበትን ቦታ መርጦ፣ በልኩ ኃይል ይመታል። ማዕዘኑ ከሰፋ ድንጋዩ ይደቃል እንጂ አይሰነጠርም፤ ምቱ ከላላም ስንጣሪው ሳይወጣ ይቀራል። አንድ ስንጣሪ በወጣ ቁጥር የድንጋዩ ቅርጽ ስለሚለወጥ ቀጣዩ ምት እንደገና መታሰብ አለበት። የጎናዎቹ ፈላጮች በወንዝ ዳር ከተከመረው ጠጠር ውስጥ በደንብ የሚፈለጠውን ለይተው ያነሱ እንደነበርም ተረጋግጧል። ይህ ሁሉ የሆነው የሰው አንጎል ዛሬ ያለውን መጠን ከመያዙ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽም ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቀጥ ብላ ስትሄድ፣ የአንጎሏ መጠን የእኛን ሢሶ ያህል ነበር። ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል፦ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ቀጥሎ መሣሪያ፣ ትልቁ አንጎል ደግሞ ከሁሉም በኋላ። የእጅ ሥራ የአእምሮ ተራ ጭፍራ ነው የሚለው አመለካከት ከዚህ ቅደም ተከተል ጋር አይገጥምም። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት መሣሪያ መሥራትና ማስተማር አእምሮን ካሳደጉት ነገሮች መካከል ናቸው።

ሙያው የሚጠይቀውን ነገር በሕያዋን ሰዎች ለማየት ወደ ኮንሶ እንመለስ። የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪዋ ካትሪን ዊድማን አርተር ከኮንሶ ቆዳ ፋቂዎች ጋር ሠርታ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ ሴቶቹ ጥሩ ድንጋይ ፍለጋ ሩቅ እንደሚሄዱ፣ ሙያውንም የሚጨብጡት በረጅም ልምምድ እንደሆነ ገልጻለች። ስለቱ ከተፈለጠ በኋላ በእንጨት እጀታ ላይ ይሰካል፤ በቆዳው ላይ ሲዶለዱም ጠርዙ እንደገና እየተፈለጠ ይሳላል፤ ከዚያ ትንሽ ጉማጅ ሆኖ ይጣላል። ተመራማሪዋ ከእነዚህ ጉማጆች የሠሪዋን ዕድሜና የሙያ ደረጃ መለየት እንደሚቻል አሳይታለች፤ የጀማሪዋ እጅና የበሰለችው እጅ ድንጋዩ ላይ ይታያሉ። ለብዙ ዘመን የዓለም መጻሕፍት የጥንቱን ድንጋይ ፈላጭ ወንድ አድርገው ሲስሉት ኖረዋል። ይህን ሥዕል እንዲጠራጠሩ ካደረጓቸው ማስረጃዎች አንዱ የመጣው በገዛ መንደራቸው ከማይከበሩ ሴቶች ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኮንሶዋ ባለሙያ የድንጋይ ዘመን ቅሪት አይደለችም። የዘመናችን ሰው ናት፤ ብረትን እያወቀች በድንጋይ መሥራቷ የሙያ ምርጫ ነው። «ጥንታዊ» እያሉ እርሷን ማድነቅ ሌላው የማግለል መንገድ ነውና አልደግፈውም።

«ዘራቸው ሌላ ነው» የሚለው አባባል በሳይንስ የተፈተነ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ፈተናው የተካሄደው በደቡብ ኦሞ፣ በጂንካ አካባቢ በሚኖሩት በአሪዎች ላይ ነው። አሪ ውስጥ ገበሬውና ቀጥቃጩ በልማድ አይጋቡም። ቀጥቃጮቹ ከየት መጡ ለሚለው ጥያቄ ሁለት መላምቶች ነበሩ። አንዱ፣ ገበሬው ከመስፋፋቱ በፊት በአካባቢው ይኖር የነበረ የሌላ ሕዝብ ቅሪት ናቸው ይላል። ሌላው፣ ሁለቱም አንድ ሕዝብ ነበሩ፤ የለያያቸው በሙያ መገለል ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያውያንን ዘረመል በስሌት ሲመድብ ቀጥቃጮቹና ገበሬዎቹ በተለያየ ክፍል ወደቁ። ላይ ላዩን ላየው ሰው የድሮው ወሬ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ይመስል ነበር። ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦቿ ከሦስት ዓመት በኋላ በረቀቀ ዘዴ ሲመረምሩት ግን ሌላ ነገር ተገለጠ። ቁጥሩ ትንሽ የሆነ ወገን ለብዙ ትውልድ እርስ በርሱ ብቻ እንዲጋባ ሲገደድ፣ አንዳንዱ የዘረመል ዓይነት በአጋጣሚ ይበዛል፣ አንዳንዱም በአጋጣሚ ይጠፋል። ወገኑ ከጎረቤቱ የተለየ መስሎ የሚታየው ከሌላ አገር ስለመጣ ሳይሆን የጋብቻ በር ስለተዘጋበት ነው። ይህ ተጽዕኖ በስሌቱ ውስጥ ሲገባ፣ ቀጥቃጩና ገበሬው ከአንድ ምንጭ የወጡ፣ የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ይህን የሚያነብ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ቢያስበው እወዳለሁ። ለማግለሉ ምክንያት ተብሎ የቀረበውን ልዩነት የፈጠረው ራሱ ማግለሉ ነው። ደግሞም የአሪ ቀጥቃጮች ከሌላ ምንጭ የመጡ ቢሆኑ ኖሮ እንኳ ንቀቱ ትክክል አይሆንም ነበር። የዘረመል ተመራማሪው ሪቻርድ ሌዎንቲን እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳየው፣ ከሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ በሕዝቦች መካከል ሳይሆን በየሕዝቡ ውስጥ፣ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል የሚገኝ ነው።

አንትሮፖሎጂን የሚያውቅ ተከራካሪ እዚህ ላይ ብርቱ ጥያቄ ያነሣል። «ባህልን በራሱ ሚዛን መዝን፣ በሌላው ዓይን አትፍረድ ያለው ይኸው ትምህርት አይደለም ወይ? ታዲያ የኮንሶን ወይም የጎንደርን ልማድ በአዲስ አበባ ሚዛን መክሰስ ተገቢ ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህን መርህ ያስተማረው ፍራንዝ ቦአስ ግን መርሁን የተጠቀመበት፣ በዘመኑ አንዱን ዘር ከሌላው የሚያበላልጠውን «ሳይንስ» ለመቃወም ነበር። አንድን ልማድ ከነምክንያቱ መረዳት አንድ ነገር ነው፤ የሚጎዳውን ሰው ዝም ማሰኘት ሌላ ነው። ደግሞስ «ባህሉ» የማን ነው? ስለ አንድ መንደር ባህል ሲጠየቅ መልስ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ባለርስቱ ነው። የቀጥቃጩ፣ የሸክላ ሠሪዋ አስተያየትም የዚያው መንደር ባህል ነው፤ እነርሱ ስለ ራሳቸው ሲናገሩ «ዘራችን ርኩስ ነው» አይሉም። የእነርሱን ድምፅ ሳይሰሙ ልማዱን «የሕዝቡ ባህል» ብሎ መዝጋት የአንትሮፖሎጂን መርህ ማጉደል እንጂ ማክበር አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ፣ ይህ ሁሉ አልፏል የሚል ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማ በየበዓሉ ይለበሳል፤ ጀበናና ምጣድ የሌለበት ቤት የለም፤ ከዋሽንግተን እስከ ቴል አቪቭ ድረስ ኢትዮጵያዊነት የሚገለጠው በእነዚሁ ዕቃዎች ነው። እውነት ነው፣ ከተማው ብዙ ነገር አለዝቧል። ነገር ግን ዕቃውን መውደድ ሠሪዋን ከማክበር ጋር አንድ አይደለም። መለኪያው ገበያ ሳይሆን ጋብቻ ነው። ቤተሰብ ለልጁ ትዳር ሲያስብ አሁንም ስለ አጥንት የሚጠይቅበት ብዙ ቦታ አለ፤ ከሚጠየቁትም መካከል የአያት ሙያ አንዱ ነው። ዝግመተ ለውጥን በእምነት ምክንያት የማይቀበል አንባቢም ቢሆን ከዚህ ክርክር የሚያመልጥበት በር የለውም። የሰው ልጅ ሁሉ ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት ተገኘ ብሎ ያመነ ሰው፣ ቀጥቃጩን ከሌላ ዘር የሚያስቆጥርበት ምን ምክንያት ይኖረዋል?

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው ከንግግር ያለፈ መልስ ያስፈልጋል። የኮንሶው የጥንት መሣሪያ በሚታይበት አዳራሽ፣ ከአጠገቡ የዛሬዋ ቆዳ ፋቂ መሣሪያ እርሷ ከፈቀደች ከነስሟ ይቀመጥ። በአገራችን አርኪዮሎጂ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች የድንጋይ ፈለጣን ትምህርት ሲሰጡ ባለሙያዎቹን ለፎቶ ሳይሆን በአስተማሪነት ቀጥረው፣ እንደ አስተማሪ ይክፈሏቸው። ሸክላ ሠሪዎች አፈሩን የሚያወጡበት ጉድጓድ በሌላ ሰው ይዞታ ውስጥ ሲሆን መዳረሻቸው በሌላው ፈቃድ ላይ እንዳይንጠለጠል የየአካባቢው የመሬት አስተዳደር መብታቸውን በጽሑፍ ያስፍርላቸው። ትምህርት ቤት ድንቅነሽን ሲያስተምር፣ ከእርሷ ቀጥሎ ጎናን፣ ከጎና ቀጥሎም የሰፈሩን ቀጥቃጭ ያስተምር። አንዳንዱ የባለእጆቹን ልጆች ጠቅሶ ይቃወመኛል፤ እነርሱ ራሳቸው ሙያውን ትተው መሄድ እየፈለጉ አንተ ለምን ታቆየዋለህ ይለኛል። ማንም በአባቱ ሙያ እንዲታሰር አልፈልግም፤ ልጁ ሐኪም ወይም ነጋዴ መሆን መብቱ ነው። የፋብሪካ ዕቃ ገበያውን ስለወሰደበትም የሚሄድ አለ። ብዙዎች የሚሄዱት ግን ሙያው ስለሚያዋርዳቸው ነው፤ ከሄዱም በኋላ የአያታቸው ስም ተከትሏቸው ለጋብቻ ሲጠይቁ የሚመለሱ አሉ። ውርደቱ ተነሥቶ፣ ሥራው ተገቢው ዋጋ ተከፍሎበት፣ ከዚያም በኋላ ለመሄድ የመረጠ ይሂድ።