ጥርሱ የማይታይ ፈረስ

በእንጅባራ የጋማ ከብት ገበያ ፈረስ የሚገዛ ሰው የሻጩን አፍ አያምንም፤ የፈረሱን አፍ ነው የሚከፍተው። በጥርሱ ዕድሜውን ይገምታል፣ ሰኮናውን አንስቶ ያያል፣ ከዚያም ራሱ ተቀምጦ ወይም ልጁን አስቀምጦ አንድ ሁለት ዙር ያስጋልበዋል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ጥር 23 በመጣ ቁጥር ከተማዋ በፈረስ ትጥለቀለቃለች። እዚህ ባልተፈተሸ ፈረስ መታለል መሳቂያ ያደርጋል።

ይኸው ሰው ብር አጠራቅሞ፣ ከወንድሙ ተበድሮ፣ ለከሰል የሚሆነውን የዲከረንስ ዛፍ ደኑን ሸጦ ያገለገለ ሚኒባስ ሊገዛ ሲነሳ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ደላላው «ቶዮታ እኮ ነው!» ይለዋል። ምርመራው እዚያ ላይ ያበቃል፤ የሚቀረው የዋጋ ክርክር ነው።

ቶዮታ ይህን ስም ያገኘው በማታለል አይደለም። ችግሩ ስሙን ያተረፈው መኪናና ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠው መኪና አንድ አለመሆናቸው ነው። ስሙን ያቆመው ደግሞ ፋብሪካው ብቻ አልነበረም። «ቶዮታም እንዲህ ያደርጋል?» እያለ ከጋራዥ ጋራዥ የሚንከራተተው ባለንብረት ብዙ ጊዜ የከፈለው ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ሌሎች ሰዎች በሌላ ዘመን ላፈሩት ዝና ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ በመኪናም እንዲሁ ሆኗል፣ ሞተሩ ተቀብሮ ስሙ ከላይ ቀርቷል።

የኩባንያው ሥር ሽመና ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ያወጣው የሽመና ማሽን አንድ ክር ሲበጠስ በራሱ ይቆም ነበር፤ የተበላሸ ጨርቅ እየሸመነ እንዳይቀጥል። ልጁ ኪይቺሮ እ.ኤ.አ. በ1937 የመኪና ኩባንያውን ሲያቋቁም ሐሳቡ አብሮት ገባ። ኋላም ጉድለት ያየ ሠራተኛ ገመድ ስቦ የመገጣጠሚያውን መስመር የሚያስቆምበት አሠራር ሆነ። ጉድለትን ሲወለድ መያዝ፣ ወደሚቀጥለው እጅ አለማሳለፍ። የጃፓን መኪና ዝና መነሻው ይህ ነው።

በአፍሪካ መንገዶች ዝናው ሌላ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1987 የቻድ ወታደሮች የሊቢያን ታንኮች በፒክ አፕ ሲያሳድዱ ዓለም ጦርነቱን «የቶዮታ ጦርነት» ብሎ ጠራው። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው ሞኤንኮ የቶዮታ ወኪል ሆኖ ገበያውን አቀና። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ከዚያም በኋላ አስፋልት የማያውቁ ወረዳዎች የተዋወቁት ከእርዳታ ድርጅቶች ላንድክሩዘር ጋር ነበር። ከተማው ኮሮላ ዲኤክስን አገኘ። ገጠሩን ከከተማ ያገናኘው ደግሞ ሃይኤስ ነው፤ ሕዝቡ «ዶልፊን»፣ «አባዱላ» እያለ እንደ ቤተሰብ ስም ያወጣለት።

የቀድሞዎቹ ሃይኤሶችና ሃይሉክሶች የያዙት ቱ ኤል፣ ስሪ ኤል፣ ፋይቭ ኤል የተባሉትን የናፍጣ ሞተሮች ነበር። ጉልበታቸው የሚያስመካ አልነበረም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተቀመጠችው እንጅባራ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል፤ በአባይ በረሃ ከወንዙ ወደ ደጀን ሲወጣ ተሳፋሪው ከሹፌሩ ጋር አብሮ ይገፋ ይመስል ነበር። ግን ሞተሩ ያለ ኮምፒውተር ይሠራል። የነዳጅ ፖምፓው ሜካኒካል ነው። ሲያጨስ ለምን እንደሚያጨስ፣ ሲያንኳኳ የቱ ጋ እንደሚያንኳኳ በጆሮ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ከፋብሪካው ቀጥሎ የሁለተኛው ባለ ስም ድርሻ ይመጣል፤ የመካኒኩ። ከጣሊያን የወረሰውን ቋንቋ፣ ቴስታታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ እያለ፣ መመሪያ መጽሐፍ ሳያይ ሞተር አውርዶ በማግስቱ የሚገጥም ሰው ነው። አብዛኛው ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም፤ ገና በልጅነቱ ለጋራዡ ሻይ እያመጣና ቁልፍ እያቀበለ፣ አንድ ዓይነት ሞተር መቶ ጊዜ ሲፈታ እያየ ነው ያወቀው። ሦስተኛው ባለ ስም መርካቶ ሶማሌ ተራ የተቀመጠው ዕቃ ሻጭ ነው። የቶዮታ ዕቃ ኦሪጅናሉም «ታይዋን» የሚባለው ማስመሰያም ስላለው ማታ አውቶቡስ ላይ የተጫነ ዕቃ በማግስቱ ዳንግላ ይደርሳል። አንድ አውሮፓዊ መኪና ምናልባት ከቶዮታ ባነሰ ይበላሽ ይሆናል፤ ሲበላሽ ግን አንድ ላስቲክ ፍለጋ ሦስት ወር ይቆማል። «ቶዮታ አይበላሽም» የሚለው አባባል በደንብ ሲፈታ «ቶዮታ ቶሎ ይሠራል» ማለት ነው። በእነዚህ ሁለት አረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት ስንቱን ባለንብረት አክስሯል!

ከዚያ ሞተሩ ተለወጠ።

ዲ-ፎር-ዲ የሚባለው ትውልድ ነዳጁን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ ፀጉር በማያሳልፍ ቀዳዳ፣ ኮምፒውተር በወሰነው ቅጽበት ይረጫል። ፍርዱ ሚዛናዊ ይሁን ከተባለ በብዙ ነገር ከአባቶቹ ይሻላል፤ ቱርቦ ስላለው የደጀንን ዳገት ሳያቃስት ይወጣል፣ ናፍጣም ይቆጥባል። ነገር ግን ንጹሕ ነዳጅ ይፈልጋል። ማደያው ደርቆ ሰው ከጀሪካን ሲቀዳ፣ ውኃ ወይም ላምባ የነካው ናፍጣ ቱ ኤልን ቢያስለው ነው፤ ዲ-ፎር-ዲን ግን መርፌዎቹን ይበላበታል። የአንድ ሚኒባስ አራት መርፌ ሲቀየር የሚወጣው ገንዘብ የአንድ ወቅት ትርፍ ይዞ ይሄዳል። መካኒኩም የለመደው ጆሮው አያገለግለውም፤ ስካነር ያስፈልገዋል፣ ስካነሩ ያወጣውን ኮድ የሚያነብ ዕውቀትም ያስፈልገዋል። እንግዲህ ከሦስቱ ባለ ስሞች ሁለቱ፣ መካኒኩና ዕቃ ሻጩ፣ አዲሱን ሞተር በቅጡ ሳይተዋወቁት መኪናው በአሮጌው ስም ገበያ ላይ ዋለ።

ይህ የእኛ አገር ጀሪካን ጥፋት ብቻ እንዳይመስል አውስትራሊያን ማየት ይበቃል። ማደያው ሁሉ በቁጥጥር ሥር ባለበት በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2022 የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ከ2015 እስከ 2020 የተሸጡ ከ260 ሺህ በላይ ሃይሉክስ፣ ፕራዶና ፎርቹነር መኪኖች የናፍጣ ጭስ ማጣሪያቸው ጉድለት እንዳለበት ወስኗል። የተጠራቀመውን ጥላሸት በራሱ አቃጥሎ ማጽዳት የነበረበት ማጣሪያ ሥራውን በአግባቡ አይሠራም ነበር፤ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ባለቤቱን ወደ ጋራዥ ያመላልሳል። ክርክሩ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዘልቋል። የእነዚያ ባለንብረቶች ቅሬታ በእንጅባራ ከሚሰማው በዓይነቱ የተለየ አልነበረም። የተለየው የሚሰማበት ቦታ መኖሩ ነው።

እዚህስ ለምን አይሰማም? መልሱ ከሞተር ይልቅ ከኪስ ጋር የተያያዘ ነው። በኢትዮጵያ መኪና መጓጓዣ ብቻ አይደለም፤ ብር ዋጋው እየወረደ በሄደበት ዘመን እንደ ወርቅና እንደ ቦታ ገንዘብ ማስቀመጫ ሆኗል። አሥር ዓመት ያገለገለች የቶዮታ ቪትዝ ከተገዛችበት በላይ ስትሸጥ ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ሲጥል፣ ቀድሞ የገቡት አሮጌ ቶዮታዎች ዋጋ ይባስ ከፍ አለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል የቀሩት ብርቅ ሆኑ።

እንግዲህ ሃብቱን ሁሉ በአንድ ሃይኤስ ላይ ያሰረ ሰው ሞተሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲከፈት ለማን ይናገራል? ለመካኒኩ፣ እሱም በሹክሹክታ። መናኸሪያ ላይ ቢያወራው የራሱን ዋጋ ነው የሚያወርደው። ያዘነ ባለንብረት ሞተሩን አሳጥቦ፣ ቆጣሪው እውነት ይናገር አይናገር ሳይጠይቅ፣ «እሳት የላሰ መኪና ነው» ብሎ ለቀጣዩ ያስረክባል። ቀጣዩም ሲያዝን እንዲሁ ያደርጋል። የተበጠሰ ክር ሲያይ የሚቆም ማሽን ስም ያወጣለት ኩባንያ፣ እዚህ የሚኖረው የተበጠሰውን ክር ወደሚቀጥለው እጅ በሚያሳልፍ ገበያ ነው። ዝናው እንዳይነካ ዘብ የቆመው በዝናው የተጎዳው ሰው ራሱ ነው፤ ለየትኛውም የማስታወቂያ ክፍል የማይገኝ ታማኝ ሠራተኛ።

ኩባንያው ራሱም ቢሆን ገመዱን መሳብ የረሳባቸው ጊዜያት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ሳይታዘዙ ይፈጥናሉ በተባሉ መኪኖች ምክንያት የኩባንያው ፕሬዚዳንት የነበሩት አኪዮ ቶዮዳ ኮንግረስ ፊት ቀርበው፣ ኩባንያው ከሚገባው በላይ በፍጥነት ማደጉን አምነዋል። በጉዳዩ የተጠራው የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የኤሌክትሮኒክስ ጥፋት አላገኘም፤ የሚጣበቅ የነዳጅ መርገጫና መርገጫውን የሚይዝ ምንጣፍ ግን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ኩባንያው ለደንበኞቹ እውነቱን ባለመናገሩ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ደግሞ በሥሩ ያለው ኩባንያ ዳይሃትሱ በ64 ሞዴሎች ላይ የፍተሻ ሰነድ ማጭበርበሩ ታወቀ፤ ከእነዚህም መካከል የቶዮታን ስም ለጥፈው የሚሸጡ ነበሩ።

ለእንጅባራው ባለንብረት ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው የታካታ የአየር ከረጢት ጉዳይ ነው። በግጭት ጊዜ ማትረፍ የነበረበት ከረጢት ማፈንጃው ሲያረጅ ብረት ይረጭ ነበርና በዓለም ዙሪያ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ ማፈንጃ እንዲቀየር ተጠርቷል። ታካታ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሠረ። ከተጠሩት መካከል ኮሮላና ያሪስ አሉ፤ ያሪስ ማለት የእኛዋ ቪትዝ ናት። የጥሪው ደብዳቤ የሚላከው ግን መኪናው በቀድሞ አገሩ ወደተመዘገበበት አድራሻ ነው። መኪናው በዱባይ ወይም በአውሮፓ በኩል ዞሮ፣ በጅቡቲ ገብቶ፣ አራት ባለቤት ቀይሮ እንጅባራ ላይ ሲቆም፣ ደብዳቤው ምናልባት ጀርመን ውስጥ የአንድ አሮጊት የፖስታ ሳጥን ውስጥ ቢጫ ሆኗል።

የስም ፍርድ በሌላም አቅጣጫ ይሳሳታል። ከፋግታ ለኮማ ወረዳ የዲከረንስ ከሰል ጭኖ ሌሊቱን አዲስ አበባ የሚገባውን አይሱዙ ሰው «አልቃይዳ» ብሎታል፤ በእንጅባራና በቻግኒ አድርጎ ወደ ሕዳሴ ግድብ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቀውን ሲኖትራክ ደግሞ «ቀይ ሽብር»። አይሱዙ የተሠራው በጃፓን መሐንዲስ፣ እንደ ቶዮታ ሁሉ ጥንቃቄ ባለው እጅ ነው። የገዳይነት ስም የሰጡት ከልክ በላይ የተጫነው ጭነት፣ እንቅልፍ ያጣው ሹፌርና ዕቃው ሳይረክስ ገበያ እንዲደርስ የሚጣደፈው ነጋዴ ናቸው። አንዱ መኪና የሰውን ጥፋት ሲሸከም ሌላው የሰውን ድካም ይሸለማል። የሚሸለመው ቶዮታ ነው።

ለዚህ ይመስላል ባጃጅ ላይ ማንም የማያዝነው። ገዢው ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ሞተሩ መቼ እንደሚከፈት፣ የፊት ጎማው የት ጉድጓድ ውስጥ እንደሚገባ አስቀድሞ ያውቃል። ስሟ የሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ሁሉ መጠሪያ ሆነ እንጂ አትበላሽም ብሎ የማለላት የለም።

አሁን ገበያው ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። አዲስ አበባ ላይ የቻይና ስሪት የሆነው የቶዮታ ኤሌክትሪክ መኪና፣ ቢዚ-ፎር-ኤክስ፣ ከቢዋይዲና ከፎልክስዋገን ጎን ይሸጣል፤ ሻጩም እንደ ድሮው «ቶዮታ እኮ ነው!» ይላል። መኪናው ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ በቀረበ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022፣ ወደ 2,700 የሚሆኑት የጎማ ብሎናቸው እየላላ ጎማው ሊወልቅ ስለሚችል ባለቤቶቹ እንዳያሽከረክሩ ተነግሯቸው ተጠርተዋል። ለአሥርት ዓመታት በሞተር የታወቀ ኩባንያ በብሎን ተያዘ። የደጀንን ዳገት በጆሮው የሚያውቀው መካኒክ ይህን መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ቢያይ የሚያውቀው ድምፅ የለም፤ ሶማሌ ተራም ገና መደርደሪያ አላዘጋጀለትም።

መኪናን የሚፈትሹበት መንገድ ግን አለ፤ የሻንሲው ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ኩባንያው ያንን ቁጥር ተቀብሎ መኪናው ተጠርቶ ያልተሠራለት ጉድለት ካለ ይናገራል፤ ለሃያ ዓመቷ ቪትዝም፣ ለአዲሱም። እንጅባራ ላይ መኪና ሲሻሻጥ ቀለሙ ይታያል፣ ጎማው ይረገጣል፣ ደላላው ኮሚሽኑን ይቆጥራል። ሊብሬው ከፖስታው ወጥቶ የሚነበበው ውል ሊጻፍ ሲል ነው፤ ያኔ ቀብዱ ተከፍሏል።