ለደብሩ የተሰጠው በሬ በቃል አይቅር

እንበል ከቡሬ ወጣ ባለች ቀበሌ አንድ አባት ሕመም ጸናባቸው። የነፍስ አባታቸውንና ጎረቤት አስጠርተው «ቦራው በሬ ለጊዮርጊስ ይሁን፤ አደራ» አሉ። ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ግን አንዱ ልጅ «አባዬ ሲናገር ሰምቻለሁ» ሲል፣ ሌላው «እኔ አልሰማሁም» ይላል። ገበዙ መሐል ቤት ይቆማሉ። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ወሬ አይደለም።

ጠቡን የሚያመጣው ቃሉ በወረቀት አለመስፈሩ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ዛሬም የምንዳኝበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፦ በምስክሮች ፊት በግልጽ የሚደረግ፣ ተናዛዡ በራሱ እጅ የሚጽፈው እና የቃል። የቃሉ ሞት ለቀረበበት ሰው የተፈቀደ ነው፤ ሁለት ምስክር ይበቃዋል። ግን በቃል የሚሰጠው እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር መብለጥ አይችልም። 500 ብር ዛሬ በፍኖተ ሰላም ገበያ እንኳን በሬ፣ ደህና ዶሮም አይገዛም! ሰውየው ተሽሏቸው ሦስት ወር ከቆዩ ደግሞ ያ የቃል ኑዛዜ ይፈርሳል።

«ድምፃቸውን በስልኬ ቀርጬዋለሁ እኮ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ለማስታወሻ ጥሩ ነው፤ ከሦስቱ የኑዛዜ ዓይነቶች ግን አንዱም አይደለም።

ታዲያ ምን ይሻላል? አባት በጤናቸው ሳሉ ይናዘዙ። ሌላ ሰው ሊጽፍላቸው ይችላል። ጽሑፉ በእሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡም እዚያው ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ስጦታው ለቤተ ክርስቲያኒቱ በስሟ መሆኑ ይገለጽ፤ ለገበዙ ወይም ለአለቃው ተብሎ አይጻፍ። የሚናዘዙትም የራሳቸውን ድርሻ ብቻ ነው፤ በትዳር የተፈራው ሀብት የእናትም ነውና። የእርሻ መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ እንደ በሬ አይሰጥም፤ አስቀድሞ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚቀለው ግን በሕይወት ሳሉ መስጠት ነው። በሬው ዛሬ ተነድቶ ከተሰጠ ነገ ክርክር የለም። እናንተም ከተማ ሆናችሁ አሥራታችሁን በየወሩ በስልክ መላክ ትችላላችሁ። ብቻ የሂሳብ ቁጥሩ የግለሰብ ሳይሆን በደብሩ ስም የተከፈተ መሆኑን አጣሩ፤ ከሰበካ ጉባኤውም ደረሰኝ ተቀበሉ።

ለጤነኛ አባት ስለ ኑዛዜ ማንሳት ሟርት የሚመስለው ብዙ ነው። እውነትም ይከብዳል። ግን ወንድማማች በአንድ በሬ ተኮራርፎ የአባቱን ሙት ዓመት ለየብቻ ከሚያወጣ፣ ያቺን አንድ ምሽት መድፈር አይሻልም? በመጪው በዓል አገር ቤት ስትገቡ ቡናው ሲፈላ ቀስ ብላችሁ «አባዬ፣ ለደብሩ ያሰብከው ነገር ካለ እንጻፈው» በሉ። ብዕሩን እናንተ ያዙ፤ ቃሉ የእሳቸው ይሁን።