እግዚአብሔርን ከክፍሏ ያባረረችው ልጅ



ባለፈው ሰሞን ከወጣቶቻችን አንዷ «ፓስተር፣ እባክዎ ይህን ያንብቡልኝ» ብላ የማርጃን ሳትራፒን «ፐርሴፖሊስ» ሰጠችኝ። እ.ኤ.አ. በ1979 የኢራን አብዮት ሲፈነዳ ልጅ የነበረች ሴት፣ የራሷን ሕይወት በጥቁርና ነጭ ሥዕል የተረከችበት መጽሐፍ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ያዩት አንድ ሽማግሌያችን «ደግሞ ካርቱን ማንበብ ጀመሩ? እግዚአብሔርን የሚዳፈር ነው ይባላል» አሉኝ። እንዲህ የሚያስቡት እርሳቸው ብቻ ስላልሆኑ መልሴን እዚህ እጽፋለሁ።

ልጅቷ በሕፃንነቷ ነቢይ መሆን ትመኛለች። ማታ ማታ እግዚአብሔር ወደ ክፍሏ ይመጣል፤ ታወራዋለች፣ እቅፉ ውስጥ ትገባለች። በሻህ ዘመን ለዓመታት ታስሮ የነበረውን የምትወደውን አጎቷን አዲሱ መንግሥት ሰላይ ነህ ብሎ ሲገድልባት ግን፣ እግዚአብሔርን ጮኻ ከክፍሏ ታስወጣዋለች።

ድፍረት የተባለው ይህ ነው። ታዲያ ኢዮብን ምን ልንለው ነው? ዕንባቆምንስ? መዝሙር 13ን ከመጽሐፍ ቅዱሳችን እንቅደደው? እነርሱም ጮኸዋል። ልዩነቱ እየጮኹ ከፊቱ አለመሄዳቸው ነው። ለዚያች ልጅ እየጮኹ መቅረት እንደሚቻል የነገራት ሰው አላየሁም።

እኛስ ለልጆቻችን ነግረናቸዋል? በደርግ ዘመን የጸሎት ቤታችን ታሽጎ፣ በሰው ሳሎን መጋረጃ ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንዘምር ነበር። «እግዚአብሔር ለምን ዝም አለ?» ብዬ ስጠይቅ ያገኘሁት ቁጣ ነበር። እኔ በጸጋው ቀረሁ። ያንኑ ጥያቄ ይዘው ወጥተው ያልተመለሱ እኩዮቼን ግን እስከ ዛሬ አስባቸዋለሁ። ዛሬም ጦርነት ያየ ልጅ ሲጠይቀን «ዝም ብለህ እመን» እንላለን። ልጆቻችንን ያስኮበለለው መጽሐፍ አይደለም፤ የእኛ ዝም ማሰኘት ነው።

ሌሎች ደግሞ ይህን መጽሐፍ «አያችሁ፣ እስልምና እንዲህ ነው» ለማለት ይወዱታል። እነርሱም ተሳስተዋል። ከኢራቅ ጋር በተደረገው ጦርነት ለድሃ ልጆች በትምህርት ቤት ወርቅ የተቀባ የፕላስቲክ ቁልፍ ይታደላቸዋል፤ ከሞቱ ገነትን የሚከፍት ነው ተብሎ። ስናነብ ደማችን ይፈላል፤ ይፍላም። ነገር ግን በእኛስ መድረክ ላይ በዘይትና በውኃ ስም የበረከት ቁልፍ የሚሸጥ የለም? ከሥልጣን ጋር ወዳጅነት ፈጥሮ ጦርነትን በእግዚአብሔር ስም የባረከ አገልጋይ የለም?

ልጅቷ በ14 ዓመቷ ወላጆቿ ወደ ቪየና ይልኳታል። መነኮሳት በሚያስተዳድሩት ማደሪያ ስትኖር፣ አንዲቷ በኢራናዊነቷ ትሰድባታለች፤ እርሷም ስድቡን በስድብ ስትመልስ ትባረራለች። ከሃይማኖት መንግሥት ሸሽታ የመስቀል ምልክት ካለበት ቤት ደጅ ወጣች። «እነርሱ ካቶሊኮች ናቸው» ብለን አናምልጥ። ስደተኛ ልጅ ወደ ጉባኤያችን ብትመጣ ምን እንደምትሰማ እናውቃለን።

መጽሐፉ ለሕፃናት የሚሰጥ አይደለም፤ የሥቃይ ሥዕልም ስድብም አለበት። ወላጆች ግን አንብቡት። ከዚያ ልጃችሁን «አንተስ እግዚአብሔርን የተቆጣኸው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሲመልስላችሁም አትቆጡት። ያባረረችው አምላክ በር ላይ ቆሞ የሚያንኳኳ ጌታ ነው። እኛ በሩን ከውጭ አንቆልፍበት።

ጸጋ ይብዛላችሁ።